የሰማያዊው በር መስመር

መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ የአባቴን እግር ሊያሽ የተላከ ባለሙያ መስሎኝ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል አስገባሁት።

በዚያ ጠዋት ከሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደሚመጣልን ተነግሮኝ ነበር። ሰማያዊው የግቢያችን በር ሲንኳኳ ሮጬ ከፈትኩ። ረጅም ወጣት ነው፤ ትከሻው ላይ ጥቁር ቦርሳ አንግቷል። «ከመሥሪያ ቤት ተልኬ ነው» አለኝ። እኔ እንግዳ ሰው ፊት ስቆም ዓይኔን የማሳርፍበት ይጠፋኛል፤ የማየው ጫማ ነው። ጫማው ንጹሕ ነበር። የበሽተኛ ክፍል ለሚገባ ሰው የሚሆን ጫማ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ይግቡ፣ እየጠበቅንዎት ነበር» ብዬ ፊት ፊቱን መራሁት።

አልጋው አጠገብ ስንደርስ «ከተኙ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ነው» አልኩት። «ግራ እጃቸውም ግራ እግራቸውም አይታዘዝላቸውም።»

ቦርሳውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። አባባን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና አባባን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአባባን ቀኝ እጅ በሁለት እጁ ያዘና «እንደምን አደሩ አባቴ? እግዜር ይማርዎት» አለ።

«ከየትኛው ይጀምራሉ?» አልኩ ፎጣ እያቀበልኩት።

ፎጣውን ተቀበለኝ። ምን እንደሚያደርገው ግን አላወቀም። «እኔ እንኳ እህቴ» አለ በመጨረሻ ማጅራቱን እያሻሸ፣ «አብዛኛውን ጊዜ የምጀምረው ከምሰሶው ነው።»

ያኔ ነው ቀና ብዬ ደረቱ ላይ የተሰፋውን የኢንተርኔት መሥሪያ ቤት ምልክት ያየሁት። በመስኮቱ በኩል ደግሞ አጥሩን ተደግፎ የቆመ መሰላል ይታያል። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ነደደ። ፎጣውን መልሼ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ግን ከአልጋው በኩል እንግዳ ድምፅ ሰማሁ። አባባ እየሳቀ ነበር። ከወደቀ ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ስቆ ስቆ ሲያበቃ የወጣቱን እጅ ሳይለቅ «ይሁን» አለ።

«ይሁን» ለአባባ የቀረችለት ብቸኛ ቃል ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዳኝነት ሠርቷል፤ በአንደበቱ የሚታወቅ ሰው ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰ ቀን ሌላው ሁሉ ተጠራርጎ ሄዶ ይህቺ ብቻ ቀረች። ውሃ ሲጠማው ይሁን ነው። ሲያመው ይሁን ነው። ዜናው ሲያናድደውም ይሁን ነው። ሌላ ሰው አንድ ቃል ይሰማል። እኔ ግን የትኛው ውሃ፣ የትኛው ሕመም፣ የትኛው «እስቲ ተዉኝ» እንደሆነ ከክፍሉ ውጭ ሆኜ እንኳ እለያለሁ። በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ የተማርኩት ነገር የለም።

ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ስታትስቲክስ ነው። በተመረቅኩ በሁለተኛው ሳምንት አባባ ወደቀ። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ጠበቃ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት፤ ቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። «ለጊዜው አንቺ አጠገቡ ሁኚ» አለኝ። ለጊዜው ሥራ መፈለጉን ተውኩ። ለጊዜው ጠረጴዛዬን ከክፍሌ አውጥቼ በአባባ በርና በወጥ ቤቱ መካከል ባለው ኮሪደር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር አቆምኩ። እዚያ ተቀምጬ አባባን እሰማለሁ፤ የተጣደውን ድስት እጠብቃለሁ፤ በመስኮቱ ሰማያዊውን በርና ከበሩ ማዶ ያሉትን ሦስት ምሰሶዎች አያለሁ። አራተኛው ምሰሶ ከመስኮቱ ክፈፍ ውጭ ነው። ዓለሜ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ያልቃል።

ፕሮግራሚንግ ለብቻዬ መማር ስጀምር ጋሼ ደስ አለው። «ጎሽ! ቤት ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነገር ነው» ብሎ ኢንተርኔት እንዲገባልን ያመለከተው ራሱ ነው። መስመሩ ማንን ይዞ እንደሚገባ በምን ይወቅ።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ ደወልኩ።

እሱው መጣ። መሰላሉን ምሰሶው ላይ ደገፈ፤ ወጣ፤ አየ፤ ወረደ። ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ በጉልበቱ ተንበረከከና ከጠረጴዛዬ ሥር አንድ ነገር አንስቶ አሳየኝ። የገመዱ ጫፍ ነበር፤ ከሳጥኑ ተነቅሏል።

«በራሱ ነው የወጣው?»

ጫማውን አየሁ። «ነፋስ ይሆናል።»

«ኮሪደር ውስጥ?»

ገመዱን ቀጭ አድርጎ መልሶ ሰካው። «የዚህ ቤት ነፋስ ጣት አለው ማለት ነው» አለ። የሥራ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲጽፍ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። «ብልሽቱ ከባድ ነው፤ ተመላልሶ ማየት ያስፈልጋል» ይላል።

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄን ተከትሎ ዓይኔም ከጫማው ተነስቶ ፊቱ ላይ ደረሰ። እሱም እያየኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ለመክተት የሚፈጀው ጊዜ ያህል ነው የተያየነው፤ ግን ኪሱን አጥቶት ሁለት ጊዜ ሳተው።

የሥራ ባልደረቦቹ «መሰላል» እንደሚሉት የነገረኝ ያን ቀን ነው፤ ስለ ቁመቱም፣ ከመሰላሉ ጋር ተለያይቶ ስለማያውቅም። ከሄደ በኋላ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመዱን በእጄ ያዝኩት። ሞቅ ብሏል። የገመዱ ሙቀት ይሁን የእጄ ግን አላወቅኩም።

ስልክ ላይ አፌ ይያያዛል። ስለዚህ ጻፍኩለት፤ እሱም ጻፈልኝ። ደብዳቤዎቻችንን የምታመላልሰው እውነተኛዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ሳቋ ቀድሟት በር የሚገባ ሴትዮ። «አንቺ ልጅ» ትለኛለች ከፎጣዎቿ መሀል የታጠፈ ወረቀት እያወጣች፣ «እኔ የማሸው እግር ነው እንጂ ፖስታ ቤት አልተቀጠርኩም። ቀኑን ሙሉ መስመር ሲዘረጋ የሚውል ሰው በወረቀት ይጽፋል? ደግሞ እጅ ጽሑፉ! ሐኪም መሆን ነበረበት።»

ከጻፈልኝ ሁሉ አንዱን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ምሰሶ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ጣሪያ ነው። የእናንተን ጣሪያ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ልብስ ስታሰጪ አየሁሽ፤ መቆንጠጫዎቹን አንድ ሁለት ብለሽ ትቆጥሪያቸው ነበር። አንዱ ቢጎድል ምን ልታደርጊ ነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ቤት ከሰው ቤት ሳገናኝ ኖሬያለሁ። ለራሴ አንድም ቤት አላገናኘሁም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አንቺ ቁጥር ስለምትወጂ ነው የነገርኩሽ። አንድ ብለሽ ቁጠሪው።»

እኔም ስለ ትምህርቴ እጽፍለታለሁ። ለልምምድ ያህል ከማኅበራዊ ገጽ የሰዎችን አስተያየት የሚሰበስብና የሚተነትን ፕሮግራም መሥራት ነበረብኝ፤ የመረጥኩት የእሱን መሥሪያ ቤት ገጽ ነው። መሥሪያ ቤቱ በየጠዋቱ «ዛሬ ጥገና የሚደረግባቸው ሰፈሮች» እያለ ይለጥፋል፤ ደንበኞች ከሥሩ ብሶታቸውን ያወርዳሉ። ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው። እኔ የሰዎቹን ስም በቁጥር እየተካሁ፣ ምን እንዳሉና መቼ እንዳሉ አስቀምጣለሁ። ዝናብ በጣለ ማግስት «ኧረ ተዉ» የሚለው ቃል በሦስት እጥፍ እንደሚጨምር ስጽፍለት፣ «እኔን ለይቶ የሰደበ ካለ ለብቻ አስቀምጪልኝ፤ በየጠዋቱ እዚያ መሆንሽን ካወቅሁ ስድቡም አይመረኝም» ብሎ መለሰልኝ።

ያንን ወረቀት ሦስት ቀን ትራሴ ሥር አስቀምጬ ተኛሁበት። ደስታ እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

*

ጋሼ ደብዳቤውን ያገኘው ፎጣ ሲፈልግ ነው።

አልጮኸም። መጮህ አያውቅም፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የምፈራው። «ማን ነው?» አለ።

«የመስመር ሠራተኛው።»

«ሲገባ ችሎት ሙሉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳለት የነበረ ሰው ልጅ ነሽ። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ከምሰሶ ምሰሶ ከሚንጠላጠል ሰው ጋር ምን አገናኘሽ?»

ገመድ ልለው አሰብኩ።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለ። «ለጊዜው ነው።»

ሲስተርን በዚያው ሳምንት አሰናበታትና በቦታዋ አንድ ዝምተኛ ሰው አመጣ። ከስልኬ ጋር ማኅበራዊ ገጾቼም ሁሉ ሄዱ፤ ለመግባት ወደ ስልኩ የሚላክ ቁጥር ይጠይቃሉ። ኮምፒውተሩን ተወልኝ፤ ቤት የሚያስቀምጠኝ ነገር ነበርና። ማንበብ እችላለሁ፤ መጻፍ አልችልም። በወፍራም መስታወት ውስጥ ሆኖ ሰው እንደ ማየት ነው።

እሑድ ዕለት ረፋዱ ላይ መሰላል ራሱ መጣ። መሰላሉን አልያዘም፤ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በሩን የከፈተው ጋሼ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜያለሁ። የሚሉት አይሰማኝም። የጋሼን ጀርባና ከጋሼ ትከሻ በላይ ያለውን የእሱን ፊት ብቻ አያለሁ። እያወራ ድንገት ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። አየኝ።

እጄን ባነሳ ኖሮ ይበቃ ነበር። አንድ እጅ ማንሳት ነው። እኔ ግን ክው ብዬ ደነገጥኩና መጋረጃውን ለቀቅኩት።

ጋሼ ሲመለስ «እህቴ አትፈልግህም አልኩት» አለኝ። መጋረጃው ከእኔ ቀድሞ መልሶለት ነበር።

*

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት፣ ፕሮግራሜ የሰበሰበውን ሳነብ አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ።

«ሰማያዊው በር ጋ ያለው መስመር ደህና ነው?»

የተጻፈው እሑድ በነጋታው፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። «ኧረ ተዉ» እና «ሦስተኛ ሳምንታችን እኮ ነው» ከሚሉት መካከል ገብቶ ቁጭ ብሏል። ሌላ ሰው ቢያነበው የደንበኛ ጥያቄ ነው። እንዴት ልመልስለት? ጎረቤት ሄጄ ስልክ ለመለመን በሩ ድረስ ወጣሁና ተመለስኩ። ምን ብዬ? ለማን ብዬ? ለራሴ ማልኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግመው፣ ሁለተኛ ቢጠይቀኝ፣ ያኔ በባዶ እግሬም ቢሆን እወጣለሁ አልኩ።

በማግስቱ ፕሮግራሙን አስኬድኩት። አዲስ ነገር የለም። የሰኞዋ መስመር ብቻ ናት። በሦስተኛውም ቀን የለም። በሳምንቱም የለም። በየጠዋቱ ድስቱን ጥጄ፣ አባባን አገላብጬ፣ ፎጣውን ቀይሬ እመጣና አስኬደዋለሁ። በየጠዋቱ ያቺው አንዲት መስመር ከነቀኗ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ መልስ አጣ፤ ተወው። ሰው ስንት ጊዜ ይጠይቃል?

አራት ወር ሊሞላ ሲል ጋሼ ውሳኔውን ይዞ መጣ። ይህን ቤት እንለቃለን፤ አባባና እኔ ወደ እሱ ግቢ እንዛወራለን፤ ከጓሮ በኩል ሁለት ክፍል አለ፤ አንዱ ለአባባ፣ ከጎኑ ያለው ለእኔ። ሁለቱን የሚያገናኝ በር አለው። «ቅዳሜ ነው፤ ስልክሽንም ስንገባ እሰጥሻለሁ» አለ። «የኢንተርኔት መስመሩም ቅዳሜ እንዲቆረጥ አመልክቻለሁ። ምን ትያለሽ?»

ክፍሉን ሳላየው አየሁት። አልጋ፣ በር፣ ሌላ አልጋ። አርባ ዓመት ሲሆነኝም እዚያው ነኝ።

«ይሁን» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአባባን ድምፅ ይመስል ነበር።

*

ሐሙስ ዕለት አንድ የመጨረሻ ሥራ ቀርቶኝ ነበር። ከቤት ሆኖ መረጃ የሚተነትን ሰው የሚፈልግ ድርጅት የናሙና ሥራ ላኩ ብሎ ነበርና ልምምዴን ልልክለት አሰብኩ። እንደማይመርጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ መስመሩ እንዲቆረጥ አልፈለግኩም። ከሚሞሉት ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፤ «የሰረዛችሁት መረጃ ስንት ነው? ለምን ሰረዛችሁት?»

የሰረዝኩት? ገና በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኩት ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ጀማሪ ሁሉ የሚጽፈው ነው። የተናደደ ደንበኛ አንዱን ቅሬታ መቶ ጊዜ ይለጥፋል፤ መቶውን ብቆጥር ስሌቱ ይዛባል። ስለዚህ ፕሮግራሙን፣ ከአንድ ሰው የመጣ ተመሳሳይ ጽሑፍ ሲያጋጥምህ የመጀመሪያውን አስቀር፣ ሌላውን ጣል ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዞር ብዬ አላየሁትም።

የሰበሰብኩት 52,418 ነው። ከጽዳት በኋላ የቀረው 49,871። የተጣሉት 2,547። ለሪፖርቱ ምሳሌ ይሆነኛል ብዬ የተጣሉትን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁና በላኪው ቁጥር ደረደርኳቸው። አንዱ «መስመር ነው ወይስ ቀልድ?» የምትል ነገር መቶ አርባ ጊዜ ለጥፏል። ፈገግ አልኩ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው መቶ አሥራ አምስት ጊዜ የደጋገመ ሌላ ደንበኛ ነው። ይሄስ ምን ሆኖ ነው ብዬ ከፈትኩት።

«ሰማያዊው በር ጋ ያለው መስመር ደህና ነው?»

«ሰማያዊው በር ጋ ያለው መስመር ደህና ነው?»

«ሰማያዊው በር ጋ ያለው መስመር ደህና ነው?»

ወደ ታች ሄድኩ። አያልቅም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። እሑድ ሳይቀር። ሁሉም ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት። ሦስት ቀን ሳያባራ የዘነበ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ጠይቋል። አባባ ሳንባው ታሞ እንቅልፍ ያጣሁበት ሳምንት ሰባቱንም ጠይቋል። እኔ ተወኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ ባዞርኩበት በእያንዳንዱ ጠዋት እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ በጻፍኳት አንዲት ትእዛዝ በየጠዋቱ በሩን ስዘጋበት ነበር። ካስቀረኋት ከመጀመሪያዋ ጋር መቶ አሥራ ስድስት። የመጨረሻዋ የዛሬ ጠዋት ናት።

አባባ በቀን ሠላሳ ጊዜ አንድ ቃል ሲል ሠላሳውንም ለይቼ የምሰማ ሰው ነኝ። እሱን ግን ተደጋጋሚ ነህ ብዬ ጣልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቼ፣ አባባ እንዳይሰማ እጅጌዬን ነክሼ አለቀስኩ።

*

ጋሼ ዕቃ የምንጠቀልልበትን ካርቶን ተሸክሞ ሲገባ እዚያው ነበርኩ።

«ስልኬን ስጠኝ ጋሼ» አልኩት።

እንዲህ ብዬው አላውቅም። ካርቶኑን እንደያዘ ቆመ። «ቅዳሜ ስንገባ እሰጥሻለሁ አላልኩሽም?»

«ዛሬ።»

«ምን ተገኘ ዛሬ?»

ኮምፒውተሩን አዞርኩለት። መነጽሩን አደረገ። እንደ ሰነድ ጣቱን እያስኬደ ማንበብ ጀመረ፤ አሥረኛው ላይ ሲደርስ መዝለል አማረው።

«አትዝለል። እኔ ዘልዬ ነው እዚህ የደረስኩት።»

እስከ መጨረሻው አነበበው። ረጅም ጊዜ ፈጀበት። «አንድ ነገር ነው የሚለው» አለ።

«አዎ።»

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም። ምን ቃል ገባ? ምን አለ? መስመር ነው የጠየቀው።»

«ያን እሑድ በሩ ላይ ምን ነበር ያለህ?»

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጠረገው። መልሶ አላደረገውም። «ከራሷ አፍ ልስማ፤ እስክሰማ እጠይቃለሁ ነው ያለኝ።»

«አልነገርከኝም።»

«አልጠየቅሽኝም እኮ!» ጮኸ። ጋሼ ጮኸ። ከጮኸ በኋላ እሱም እንደ እኔ ደነገጠ። «ብትሄጂ እሱን ማን ያነሳዋል? የምሰሶ ሥራ ምናምን ያልኩት... ተይው። እኔ እዚያ ክፍል ስገባ ይሁን ይለኛል። ውሃ አመጣለታለሁ፤ ግድግዳውን ያያል። ትራስ አስተካክላለሁ፤ ግድግዳውን ያያል። የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፣ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ የሄድሽ ቀን አባቴ ድዳ ነው የሚሆነው። ገባሽ?»

አንጀቴን በላው። አሥራ አንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ካርቶን ታቅፎ ኮሪደር ላይ እንደ ልጅ ቆሟል። ለካ እሱም ታስሯል።

«አስተምርሃለሁ» አልኩት። «ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይለመዳል። ግን እስረኛህ ሆኜ አላስተምርህም፤ ስልኬን ስጠኝ።»

ከክፍሉ ውስጥ «ይሁን» የሚል ድምፅ መጣ።

ተከታትለን ገባን። አባባ ዓይኑን ጋሼ ላይ ተክሏል። «ምን ማለቱ ነው?» አለኝ ጋሼ በሹክሹክታ።

«እኔን አትየኝ። እሱን እየው።»

አባባ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ቀስ ብሎ ዘረጋው፤ መዳፉ ወደ ላይ ነው። እጁ አልወረደም። ጋሼ አየው። ሕግ ተማሪ ሳለ የአባባ ችሎት ላይ ከኋላ ተቀምጦ ስንት ቀን አይቶታል። ፊቱ ተለወጠ።

«ኤግዚቢቱን» አለ። «ችሎት ላይ በማስረጃ የተያዘ ዕቃ ሲያስቀርብ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ኤግዚቢቱን አምጣ ነው የሚለኝ!»

ሲናገር ግማሹ ሳቅ ነበር። ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ገባና ስልኬን አወጣ፤ አራት ወር ሙሉ አብሮት ይዞር ነበር ማለት ነው። አባባ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። አባባ ጣቶቹን አጠፈበት፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ክንዱን ወደ እኔ አዞረው።

«ይሁን» አለ።

ያቺን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

ስልኩ ባትሪው ሞቷል። እስኪሞላ ሦስታችንም ጠበቅን፤ ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአባባን እጅ ይዟል። ቁጥሩ ተላከልኝ፤ ገባሁ። የዛሬውን ጠዋት ልጥፍ አገኘሁ፤ ከብሶቶቹ መሀል የእሱን አገኘሁ። ሰው ሁሉ የሚያነበው ገጽ ነው። እንግዳ ፊት ዓይኔ ከጫማ የማይነሳ ሴት ነኝ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

«መስመሩ ደህና ነው። ያን ቀን መጋረጃውን የለቀቅኩት ደንግጬ ነው። ሰው ይላክልን።»

ወዲያው አንድ የማላውቀው ደንበኛ «የእኛስ ሰፈር መቼ ነው የሚላከው?» ብሎ ጻፈበት። ሳቅኩም አለቀስኩም።

ቅዳሜ መኪናው መጣና ተዛወርን። የጓሮው ሁለት ክፍሎች መስመር አልነበራቸውም፤ አዲሱን አድራሻ በስልኬ ጻፍኩለት። ሰኞ ጠዋት መሰላል መሰላሉን ተሸክሞ መጣ፤ በሩን የከፈተለት ጋሼ ነው።